አቡነ ዮሴፍን በእግር ለመጎብኘት፦ ሁለት ቀን ይበቃል ወይስ ሦስት?

የጦሳ ሥር (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። በደሴ ከተማ የምናስተምር አምስት ባልደረቦች ነን፤ በመጪው ጥቅምት አጋማሽ ወደ ላስታ ተጉዘን በአቡነ ዮሴፍ ተራራ የሚገኘውን የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ በእግራችን ለማየት አስበናል። ምክር የምንጠይቀው ከዚህ ቀደም ወደ ሌላ ደጋማ ጥብቅ ቦታ ሄደን ያየነው እንዳይደገምብን ነው። ያኔ መሪያችን በአንድ ቀን ወጥተን እንድንመለስ ስለፈለገ ከከተማ የተነሣነው ረፋድ ላይ ነበር። ጫፉ ላይ ስንደርስ ጉሙ ወርዶ የቆምንበትን ድንጋይ እንኳ በቅጡ ማየት አቃተን፤ አንዱ ባልደረባችንም ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ተቀመጠና የበላውን ሁሉ አስመለሰው። ቀይ ቀበሮ ይቅርና አይጥ ሳናይ ወረድን።

አሁን ያለን ፈቃድ ሁለት ቀን ነው፤ ግድ ከሆነ በልመና ሦስተኛ ቀን ማግኘት እንችላለን። በሁለት ቀን ቀይ ቀበሮን የማየት ዕድል አለ? ማደሪያውስ እንዴት ነው? ሌላው ጥያቄ ትንሽ ያሳፍረኛል፤ አንዱ ጓደኛችን ከቡችላነቱ ጀምሮ ያሳደገውን ውሻ፣ ሌሊት ከጅብ ይጠብቀናል በሚል ምክንያት፣ ይዞ መምጣት ይፈልጋል። ይፈቀዳል?

ላስቴው አስጎብኚ

ሦስተኛዋን ቀን ለምናችሁ አግኙ። ይህን የምለው ገበያዬን ለማስፋት እንዳይመስላችሁ፤ ነገሩ የሰዓት ጉዳይ ነው። ቀይ ቀበሮ ከቤተሰቡ ጋር በኅብረት የሚኖር ቢሆንም የሚያድነው ለብቻው፣ በቀን ብርሃን ነው፤ ምግቡም በአብዛኛው አይጥ ነው። አይጦቹ ከጉድጓዳቸው የሚወጡት ፀሐይ የሌሊቱን አመዳይ ማቅለጥ ስትጀምር ስለሆነ፣ በዚያን ሰዓት ጓሳው (የደጋው ሣር) መሐል የተገኘ ሰው ያያል። ሌሊቱን ላሊበላ ከተማ ያደረ ሰው ግን ምንም ቢፈጥን ሜዳው ላይ የሚደርሰው ከቀትር ወዲያ ነው፤ ያኔ ደግሞ ጉም ይቀድመዋል። የእናንተም የቀድሞ ጉዞ የተበላሸው በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን ለአቀበቱ ብቻ ስጡት። ከላሊበላ በማለዳ ተነሥታችሁ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ያህል በቀስታ ከወጣችሁ በኋላ አሸተን ማርያም ትደርሳላችሁ። ገዳሟ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ካለ ቋጥኝ የተፈለፈለች ናት፤ በትውፊት ስሟ ከንጉሥ ነአኩቶ ለአብ ጋር ይነሣል። ከዚያ ወዲያ የገብስ ማሳና የድንጋይ ካብ ይቀጥላል፤ ማሳው ሲያልቅ አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ፣ አስታው ሲሳሳ ደግሞ ጓሳና ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል ይተካሉ። በመንገድ ላይ ማኅበረሰቡ ለእንግዳ የሠራቸው የማረፊያ ጎጆዎች ነበሩ፤ ክፍት መሆናቸውን አስቀድማችሁ ሳታረጋግጡ ግን በእነሱ ተማምናችሁ አትውጡ፤ ድንኳን ያዙ። ስካውትና ፈረስ ነጂ ከአካባቢው ሰው መቅጠር ይኖርባችኋል። ስካውቱ ጠመንጃ የያዘ አጃቢ ብቻ አይምሰላችሁ፤ ትናንት ቀበሮው በየትኛው ሸንተረር እንደዋለ የሚያውቀው እሱ ነው።

በሁለተኛው ቀን 11 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሥታችሁ ንጋት ላይ ከሜዳው ዳር ካለ ድንጋይ ሥር ተቀመጡ። መሄድ አያስፈልግም፤ ከሚሄድ ሰው ይልቅ የሚቀመጥ ሰው ብዙ ያያል። ቀበሮው ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው ጆሮው ነው፤ ሁለቱን ጆሮዎች ወደ መሬት አዘንብሎ፣ የፊት እግሩን አንሥቶ ሳያሳርፈው፣ ለረጅም ጊዜ እንደተተከለ ችካል ይቆማል። ከዚያ ድንገት ዘሎ በአፍንጫው ይወርዳል። ከሦስት ሙከራ አንዱ ሲሳካለት ባይ ደስ ይለኛል፤ ቀሪውን ጊዜ አፉን አፈር በአፈር አድርጎ ሲሄድ ያሳዝናል። ፀሐዩ ሲሞቅ ጭላዳዎቹም ካደሩበት ገደል እየወጡ ሣር ለመንጨት ይሰፍራሉ፤ እነሱን ለማየት ብዙ መድከም የለባችሁም። ወደ ጫፉ መውጣት የምትፈልጉ ከሆነ ከዚህ በኋላ ውጡ፤ ከፍታው ከ4,200 ሜትር በላይ ነው። ሦስተኛው ቀን ለመውረድ ይሁን።

ከደሴ ስትመጡ ወልድያ ድረስ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ ወደ ምዕራብ ታጥፋችሁ ጋሸና፣ ከጋሸና ደግሞ 64 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛችሁ ላሊበላ ትገባላችሁ። ከመነሣታችሁ በፊት የመንገዱን ደኅንነት በዚያው ሰሞን ከሚመላለሱ ሰዎች ጠይቁ። ውሻውን ግን እቤት ተዉት።

ነርስ ከወልድያ

ላስቴው ስለ ሰዓቱ የጻፉት ልክ ነው፤ እኔ ያስመለሰውን ባልደረባ አስመልክቶ ልጨምር። ደሴም ላሊበላም ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ያሉ ከተሞች ስለሆኑ የእናንተ ሰውነት ከባሕር ዳርቻ ከሚመጣ እንግዳ የተሻለ ዝግጁ ነው። ይህ ግን በ2,500 ለመደ እንጂ በ4,200 ለመደ ማለት አይደለም። በዚያ ከፍታ አንድ ትንፋሽ የሚያስገባው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ከሚገኘው 60 በመቶ ገደማ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያ ከፍታን በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር ይመከራል፤ ቀን ከፍ ብሎ ወጥቶ ማታ ዝቅ ብሎ ማደርም ይረዳል። ሦስት ቀን የሚሻልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የመጀመሪያ ምልክቶች ናቸው። ያን ጊዜ መውጣቱን አቁሞ ማረፍ ይገባል፤ የራስ ምታት ክኒን ውጦ ወደ ላይ መቀጠል ምልክቱን ይሸፍናል እንጂ ሕመሙን አያቆመውም። አንድ ሰው እንደ ሰካራም ከተንገዳገደ፣ የሚናገረው ከተምታታ፣ ወይም ቁጭ ብሎ እያለ ትንፋሽ ካጠረው፣ ንጋትን ሳትጠብቁ በሌሊትም ቢሆን አውርዱት። ባልደረባችሁ አንድ ጊዜ ስለታመመ ይቅር አልልም፤ ነገር ግን የቡድኑ ፍጥነት የእሱ ፍጥነት ይሁን፤ ፊት ለፊት እሱን አስቀድሙት።

ስለ ብርዱ፦ በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ ስድስት ተኩል ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ ጫፉ ከደሴ በ11 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል ብላችሁ አስቡ። ከጥቅምት ጀምሮ ሰማዩ ስለሚጠራ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ጋቢ ለምሽት ጥሩ ነው፤ ለጉዞ ግን ሲረጥብ ይከብዳል። ምግብን በተመለከተም ባቄላና ምስር ይዞ መውጣት ድካም ነው፤ ውኃው እዚያ ላይ 86 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ማገዶ ያልቃል እንጂ አይበስልም። በሶ፣ ቆሎና ጭኮ ያዙ። ማገዶ ብላችሁም አስታ እንዳትቆርጡ፤ የጋዝ ምድጃ ፈልጉ።

የቦረና ልጅ (መካነ ሰላም)

ወንድሞቼ፣ ወሎ ውስጥ ቀይ ቀበሮ ያለው ላስታ ብቻ ይመስል ስትነጋገሩ ዝም ማለት አልቻልኩም። በእኛ በኩል የቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክ አለ፤ የአገሬው ሰው ደንቆሮ ጫካ የሚለው ማለት ነው። ከታች ጥድ፣ ወይራና ኮሶ የተጠላለፉበት ደን ነው፤ ድኩላና ነብር የሚኖሩት እዚያ ነው። ከፍ ሲባል አስታው፣ ከዚያም ጓሳው ይመጣል፤ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ እዚያ ናቸው። በአቡነ ዮሴፍ በኩል ማሳው ወደ ላይ ብዙ ስለተጠጋ ደን ውስጥ መሄድን የሚወድ ሰው የሚያገኘው ነገር ትንሽ ነው። መንገዳችን ረጅምና አድካሚ መሆኑን አልክድም፤ በሁለት ቀን ፈቃድ አይታሰብም። ለሌላ ጊዜ ያዙት፤ ብቻ መስከረም ሳይገባ እንዳትመጡ።

ስለ ውሻው ላስቴው በአንድ መስመር ማለፋቸው ቅር አሰኝቶኛል፤ ምክንያቱ ካልተነገረ ሰው ክልከላውን እንደ ጥበት ያየዋል። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያነሱ ናቸው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም በባሌ ነው ያሉት። እኛ ዘንድ ያሉት በየተራራው የተነጣጠሉ ጥቂት ቤተሰቦች ናቸው። የእብድ ውሻ በሽታ ባሌ ላይ በ2003 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከውሻ ተነሥቶ ብዙ ቀበሮ ገድሏል፤ እንዲህ ያለው ነገር አንድ ትንሽ ተራራ ላይ ቢደርስ የሚተካ ቀበሮ ከየትም አይመጣም።

የጦሳ ሥር (ደሴ)

አላህ ይስጥልኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሦስተኛዋን ቀን ትናንት አግኝተናል። ባለ ውሻው ጓደኛዬ ግን ጽሑፋችሁን አንብቦ «ውሻዬ ተከትቧል፤ ካርዱም አለኝ» ይላል። ምን ልበለው? በተጨማሪም ከጉዞው በፊት በየሳምንቱ መጨረሻ የከተማችንን ተራራ ጦሳን እየወጣን እየወረድን እንድንለማመድ ተስማምተናል፤ ይጠቅማል?

የቦረና ልጅ (መካነ ሰላም)

ክትባቱ ለእብደት በሽታው ከሆነ ጎሽ በሉት፤ ነገር ግን ከውሻ ወደ ቀበሮ የሚተላለፍ ሌላም ገዳይ የቫይረስ በሽታ አለ። በዚያ ላይ ውሻ ቀበሮ ካየ ያባርራል፤ ሊዳቀልም ይችላል። ጅቡን ከፈራ እኛ እንኳ የምንተኛው ስካውቱ አጠገብ ነው፤ አብሽር በሉት።

ነርስ ከወልድያ

ጦሳ ለጉልበታችሁና ለትንፋሻችሁ እጅግ ይጠቅማል፤ በተለይ ቁልቁለቱ፣ ጉልበት የሚጎዳው ስትወርዱ ነውና። ከፍታውን ለመልመድ ግን እዚያው ማደር እንጂ ወጥቶ መመለስ ብዙም አያግዝም። አዲስ ጫማ ያለው ሰው ካለ አሁኑኑ በጦሳ ላይ ይለማመደው።

ላስቴው አስጎብኚ

የቦረናው ወንድማችን ወቀሳ ተገቢ ነው፤ እቀበላለሁ። ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። ቀበሮዋ የምትወልደው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ አፈሩ አዲስ የተቆፈረ ጉድጓድ ካያችሁ ፎቶ ለማንሣት አትጠጉ፣ ስካውቱንም ውሰደን ብላችሁ አታስቸግሩት። እናቲቱ ከተረበሸች ግልገሎቿን በአፏ ይዛ ቦታ ትለውጣለች፤ ያ መንገድ ለግልገሎቹ ብርድም አደጋም ነው።

ሌላው ቀኑ ነው። ከላሊበላ የምትነሡበት ቀን ቅዳሜ አይሁን። ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ ገበሬው ሁሉ አህያውን ጭኖ በዚያው ቀጭን መንገድ ሲወርድ እናንተ ስትወጡ ግፊያ ነው፤ ፈረስ ነጂዎቹም ገበያ ስለሚውሉ አታገኟቸውም። ጥቅምት 21ም ማርያም ናት፤ አሸተንን በጸጥታ ማየት የሚፈልግ ሰው ያን ቀን ያሳልፈው፤ ማንገሥ የሚወድ ካላችሁ ደግሞ በዚያው ቀን ኑ፣ ነገር ግን ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ተነሡ።