ለሐምሌው የሐይቅ ዳር ጉዞ የጋራ ሐሳብ፦ ሃልሽታት ወይስ ቴገርንዜ?

ከማኅበሩ ጸሐፊ፦
የተከበራችሁ አባላት፣ ከሙኒክ በባቡር ሄደን በዕለቱ የምንመለስበትን፣ ወጪውም ልጆች ያሉትን ቤተሰብ የማያስጨንቅ የአልፕስ ሐይቅ ዳር ጉዞ ለጠቅላላ ጉባኤው በጽሑፍ ማቅረብ ይጠበቅብናል። ለመነሻ ያህል በኦስትሪያ የምትገኘውን ሃልሽታትን አቀርባለሁ። የባቡር ጣቢያው ከመንደሯ ማዶ ስለሆነ ከባቡር የወረደ ሰው ሐይቁን በጀልባ ተሻግሮ ነው የሚገባባት። የመቃብር ቦታው ጠባብ ከመሆኑ የተነሣ ዐፅም እየወጣ፣ የራስ ቅሎቹ ላይ ስምና አበባ እየተሣለ የተደረደሩበት ክፍል እስከ ዛሬ ይጎበኛል። አካባቢው እ.ኤ.አ. በ1997 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ከገንዘብ ያዥዋ፦
ጋሼ፣ የቦታው ውበት አያከራክርም፤ ሒሳቡ ግን አይገጥምም። እ.ኤ.አ. ከጥር 2026 ጀምሮ በወር 63 ዩሮ የምንከፍልበት የዶይችላንድ ቲኬት፣ ማለትም በመላው ጀርመን በአካባቢ ባቡሮች የሚያስኬደው ወርኃዊ ቲኬት፣ በዚያ አቅጣጫ የሚያገለግለው እስከ ዛልዝቡርግ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው የባቡርና የጀልባ ዋጋ ለየብቻ ይከፈላል፤ መንገዱም ረጅም ስለሆነ ልጆች የያዙ እናቶች አብዛኛውን ቀን በጉዞ ላይ ያሳልፋሉ።

ከአንድ አባል፦
ከገንዘቡ የሚቀድም ጉዳይ አለ። ከመካከላችን የጥገኝነት ጥያቄያቸው ገና በመታየት ላይ ያሉና ዱልዱንግ፣ ማለትም ከአገር መባረራቸው ለጊዜው መታገዱን የሚገልጽ ወረቀት፣ የያዙ ወንድሞችና እህቶች አሉ። እነርሱ ከጀርመን መውጣት አይፈቀድላቸውም፤ ዱልዱንግ ደግሞ ባለቤቱ ድንበሩን በተሻገረ ጊዜ ይሰረዛል። የመኖሪያ ፈቃድ ያለን ሰዎች ፓስፖርታችንን ይዘን ብንሄድ አንቸገርም፤ ነገር ግን ማኅበሩ በስሙ የሚያዘጋጀው ጉዞ ገሚሱን አባል ቤት የሚያስቀር ከሆነ የማኅበር ጉዞ ሊባል አይገባውም። ስለዚህ እዚሁ በጀርመን፣ ሙኒክ ባለችበት በባየርን ክፍለ ግዛት ውስጥ ያለውን ቴገርንዜን እንድንመለከት እጠይቃለሁ። ባቡሩ በአንድ ሰዓት ገደማ ያደርሳል፣ የዶይችላንድ ቲኬትም እስከ መጨረሻው ጣቢያ ይሠራል።

ከማኅበሩ ጸሐፊ፦
ይህ በቂ ምክንያት ስለሆነ ሃልሽታትን ከሐሳቡ አውጥቻለሁ። የዶይችላንድ ቲኬት የሌላቸው አባላትስ በምን ይሂዱ?

ከገንዘብ ያዥዋ፦
በባየርን ቲኬት፣ ማለትም በክፍለ ግዛቱ ውስጥ በሚያገለግለው የአንድ ቀን ቲኬት፣ እስከ አምስት ሰው በአንድነት ይሄዳል፤ የትኞቹ ልጆች ሳይከፈልላቸው እንደሚሄዱም ቲኬቱ ከመገዛቱ በፊት አጣራለሁ። በሥራ ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ስለማያገለግል፣ ቅዳሜ ግን እንዲህ ያለ ገደብ ስለሌለበት፣ ጉዞው ቅዳሜ ቢሆን ይሻላል። የተጓዦቹ ስም ቲኬቱ ላይ መጻፍ ስላለበት አምስት አምስቱን ሰው አስቀድሜ እመድባለሁ።

ከሌላ አባል፦
በዚያ መስመር በየጊዜው የሚመላለስ ሰው የሚያውቀውን አንድ ነገር ላክል። ባቡሩ ብዙውን ጊዜ ከሙኒክ አንድ ላይ ተቀጥሎ ይነሣና በመንገድ ላይ ይለያያል፤ አንዱ ክፍል ወደ ባይሪሽሴል፣ ሌላው ወደ ሌንግሪስ፣ ሌላው ወደ ቴገርንዜ ይሄዳል። የተሳሳተ ፉርጎ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ወንበሩን ሳይለቅ ሌላ ከተማ ይገኛል! ስለሆነም የየምድቡ ኃላፊ ከመሳፈሩ በፊት በፉርጎው ላይ የተጻፈውን መድረሻ አንብቦ ሰዎቹን በአንድነት እንዲያስገባ በጽሑፉ ውስጥ ይካተት።

ከእናቶች ተወካይ፦
ቀኑ ፍልሰታ ከመግባቱ፣ ማለትም ከነሐሴ 1 በፊት ይሁንልን፤ ያለበለዚያ ግማሹ የጾም ግማሹ የፍስክ እያልን ሁለት ስንቅ ልናዘጋጅ ነው። ምግቡ መረቁ የማይፈስ ይሁን፤ ቋንጣ ፍርፍርና ደረቅ ጥብስ እኛ እናዘጋጃለን። ከሰልና ጀበና መያዝን ግን አልደግፍም፤ ቡናው ቤት ፈልቶ በፔርሙስ ይምጣ። አረጋውያኑና ልጆቹ ክፍያ በሌለበት ፖይንት በሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ይዋሉ፤ እግር ያላቸው ወጣቶች ከአንድ ጣቢያ ቀድመው፣ ግሙንድ ላይ ወርደው፣ በተራራው ወገብ በሚያልፈው መንገድ በእግር ይምጡ። በ8ኛው ክፍለ ዘመን የተመሠረተው የጥንቱ ገዳም ቤተ ክርስቲያንም እዚያው ከሐይቁ ዳር ስለሆነ ሳናየው እንዳንመለስ።

ከማኅበሩ ጸሐፊ፦
በተሰጡት ሐሳቦች መሠረት ለጉባኤው የሚቀርበው ረቂቅ የሚከተለው ነው።

«ማኅበሩ ከነሐሴ 1 በፊት ባለው የመጨረሻ ቅዳሜ ወደ ቴገርንዜ የአንድ ቀን የባቡር ጉዞ እንዲያደርግ፤ የዶይችላንድ ቲኬት ለሌላቸው አባላት የባየርን ቲኬት ከማኅበሩ ሣጥን እንዲገዛ፤ በሐይቁ ላይ በጀልባ መንሸራሸር የሚፈልግ አባል የጀልባውን ዋጋ በግሉ እንዲከፍል፤ ከተመደበበት አውራጃ ለመውጣት ፈቃድ የሚያስፈልገው አዲስ ገቢ ጥገኝነት ጠያቂ አባል ካለ ጸሐፊው ማመልከቻውን ጊዜው ሳያልፍ በመጻፍ እንዲረዳው።»

የጀልባው ጉዳይ አላረካኝም የምትል እናት ካለች፣ ለአረጋውያን ብቻ ማኅበሩ ይክፈል የሚል ማሻሻያ ማቅረብ ይቻላል፤ ገንዘብ ያዥዋ ሣጥኑ ይችል እንደሆነ እስከ እሑድ ያሳውቁን።

ከገንዘብ ያዥዋ፦
ለአረጋውያን ይችላል፤ ማሻሻያው ይግባ።