ሜሪላንድ ያላችሁ፦ አፈሬን ዝናብ እየወሰደብኝ ነው፣ ሶይል ኮንሰርቬሽን ዲስትሪክት የሚባለውን ቢሮ የሞከረ አለ?

የጎመን ማሳ

ሰላም ለሁላችሁም፣ ትንሽ ረዘም ስለሚል ታገሱኝ። እኔና ባለቤቴ የዛሬ ሦስት ዓመት ከፍሬድሪክ ወጣ ብሎ 7 ኤከር መሬት ገዝተን ጎመን፣ ቃሪያ፣ ቀይ ሥር፣ በሶብላና ጤና አዳም እያመረትን ለሐበሻ ሱቆችና ለቅዳሜ ገበያ እናቀርባለን። እሱ ሳምንቱን ሙሉ ትራክ ላይ ስለሆነ ማሳው ላይ የምውለው እኔ ነኝ። መሬቱ ቀይ ነው፣ ቁልቁለት አለው፣ ታች ጫፉ ላይ ትንሽ ወንዝ አለ።

ባለፈው ሳምንት ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አደረ። ጠዋት ስወጣ የታችኛው መደብ ጎመን ሥሩ ነጭ ሆኖ ተጋድሟል፣ በመደቦቹ መሃል ውሃው በሄደበት ቦታ እግሬን ሳስገባ ቦቴ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ጠለቀ፣ አምና እኮ እዛ ቦታ ላይ ጣት የሚያስገባ እንኳን አልነበረም። ወንዙ ሻይ በወተት መስሏል። ማርች ላይ በዛ ብርድ በጋሪ እየገፋሁ የበተንኩት ኮምፖስት ታች ሳሩ ላይ ተኝቶ ሳየው እውነቴን ነው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

በቆሎና አኩሪ አተር የሚያርስ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት አለን፣ አይቶኝ መጣና ሶይል ኮንሰርቬሽን ዲስትሪክት ደውዪ በነጻ መጥተው ያዩልሻል አለኝ። ለባለቤቴ ስነግረው ደሞ "መንግስትን በገዛ እጅሽ መሬትሽ ላይ ካስገባሽ በኋላ ይሄን አትዝሪ፣ እዚህ አትቆፍሪ፣ ይሄን ያህል ቅጣት ክፈዪ ቢሉሽስ?" አለኝ። አልፈርድበትም፣ አገር ቤት የአባቱ መሬት ሲሸነሸን እያየ ያደገ ሰው ነው። እስቲ የምታውቁ ካላችሁ እነዚህ ሰዎች ምንድናቸው? ይከፈላቸዋል? ይቀጣሉ? ፕላን ካወጡልኝ በኋላ አልፈልግም ማለት እችላለሁ?

ሞኖካሲ ዳር

እህቴ አይዞሽ፣ ጎረቤትሽ ትክክለኛውን ነገር ነው የነገረሽ። ባለቤትሽም ከዜሮ ተነስቶ አይደለም የሚፈራው፣ ይሄ ቢሮ የተቋቋመውም እንደሱ ያለው ገበሬ እንዳይፈራ ተብሎ ስለሆነ ከታሪኩ ልጀምርልሽ።

በ1930ዎቹ መሃል አገር ያለው ሜዳ ድርቅ ሲመታው ያ ሁሉ የታረሰ አፈር በነፋስ ተነሳ፣ በ1935 ስፕሪንግ አቧራው ዋሽንግተን ድረስ መጣ። ሂዩ ሃሞንድ ቤኔት የሚባል የአፈር ሳይንቲስት ለዓመታት ሲጮህ የነበረው ያኔ ተሰማ፣ ኮንግረስ በዛው ኤፕሪል የአፈር ጥበቃ ሕግ አወጣና የፌዴራል መሥሪያ ቤቱ ተቋቋመ። ግን ችግሩ ምን ነበር፣ መሬቱ የግል ነው፣ ከዋሽንግተን የተላከ ሰው የገበሬው አጥር ጋ መጥቶ ይሄን አድርግ ቢለው ማን ይሰማዋል? ስለዚህ በ1937 ሩዝቬልት ለሁሉም ስቴት ገቨርነሮች ደብዳቤና የሕግ ናሙና ላከ፣ ገበሬዎቹ ራሳቸው በየአካባቢያቸው ዲስትሪክት ያቋቁሙ፣ ቦርዱ ላይ የአካባቢው ሰው ይቀመጥ፣ ባለሙያውና ገንዘቡ በነሱ በኩል ይምጣ ተባለ። የመጀመሪያው ብራውን ክሪክ ነው፣ ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ቤኔት በተወለደበት ካውንቲ፣ ኦገስት 1937 ላይ። አሁን በመላው አሜሪካ ወደ 3,000 ገደማ አሉ፣ ሜሪላንድ ብቻ 24።

ወደ ጥያቄሽ ስመጣ፣ መጥተው ማየታቸውም ፕላን ማውጣታቸውም በነጻ ነው። ፕላኑ በፈቃደኝነት ስለሆነ ወስደሽ መሳቢያ ውስጥ ብታስቀምጪው የሚጠይቅሽ የለም። መደበኛ ሥራቸው መቅጣት አይደለም። ብዙ ቦታ ኤን አር ሲ ኤስ የሚባለው የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት እዛው ሕንጻ ውስጥ ነው ያለው፣ ለነሱ የምትሰጪው የእርሻ መረጃ ዝም ብሎ ለሌላ እንዳይሰጥ የሚከለክል የፌዴራል ሕግም አለ፣ ይሄን ለባለቤትሽ ንገሪው።

ገንዘብን በተመለከተ ስቴቱ ኮስት ሼር አለው፣ ማክስ ይሉታል፣ እንደ ሥራው ዓይነት የወጪውን አብዛኛውን ይሸፍናል፣ ለምሳሌ ውሃው የሚወርድበትን ቦታ አስተካክሎ ሳር ማልበስን የመሰለ ሥራ። ለከቨር ክሮፕ ደሞ ለብቻው ፕሮግራም አለ፣ ዋናው ሰብል ከተነሳ በኋላ አፈሩ ራቁቱን እንዳይከርም ራይ ወይ ክሎቨር ትዘሪበታለሽ፣ በኤከር ይከፈልሻል፣ ምዝገባው ሰመር ላይ ስለሆነ እንዳያመልጥሽ። የፌዴራሉ የገንዘብ ድጋፍ ደሞ ኢኪፕ ይባላል፣ ከ10 ዓመት በታች የሠራ አዲስ ገበሬ ከሌላው የተሻለ ድርሻ ያገኛል፣ ሦስት ዓመት ከሆናችሁ እናንተ እዛ ውስጥ ናችሁ።

ደሞ ያቺ ትንሽ ወንዝ ሞኖካሲ ከገባች ሞኖካሲ ፖቶማክ ይገባል፣ ዲሲ የሚጠጣው የፖቶማክን ውሃ ነው፣ ከዛ ቼሳፒክ ቤይ ነው። ስቴቱ ገንዘቡን የሚያወጣውም ለዚህ ነው። ያንቺ ኮምፖስት ማሳሽ ላይ ሲሆን ጎመን ነው፣ ቤይ ሲገባ ግን አልጌ አብቅሎ የዓሣውን ኦክስጅን ይጨርሳል።

ቲቲ ባልቲሞር

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሽያጫችሁ በዓመት 2,500 ዶላር ከደረሰ ሜሪላንድ ውስጥ ኑትሪየንት ማኔጅመንት ፕላን የሚባለው ግዴታ ነው፣ ከ1998 ጀምሮ ሕግ ነው፣ ይሄኛው በፈቃደኝነት አይደለም። ብዙ ሐበሻ አያውቀውም። አትደንግጪ፣ አፈር ታስመረምሪያለሽ፣ ስንት ማዳበሪያ እንደሚያስፈልግ ይጻፍልሻል፣ በቃ። እኔ እንደውም ፎስፈረሴ ከበቂ በላይ ሆኖ ተገኘና ኮምፖስት መግዛት ቀንሼ ገንዘብ ተረፈኝ። ዲስትሪክቱ ጋ ስትሄጂ ጠይቂያቸው፣ ወደሚመለከተው ሰው ይመሩሻል።

ቃሪያ በሰመር

እኔ የተጎዳሁበትን ልንገርሽ እንዳይደርስብሽ። ለሃይ ተነል፣ ያ ትልቁ የፕላስቲክ ቤት ማለቴ ነው፣ አፕላይ አደረግኩ፣ ሰውየው መጥቶ አየ፣ ጥሩ ቦታ ነው አለ፣ እኔ አለቀ ብዬ ብረቱን አዝዤ ምሰሶ መትከል ጀመርኩ፣ ለካ ኮንትራቱ ሳይፈረም የተጀመረ ሥራ አይከፈልበትም። አንድ ሳንቲም አላገኘሁም። ማመልከቻው ላይ ተጽፏል፣ ግን ቁጭ ብሎ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም፣ እኔም እንግሊዝኛውን በደንብ ሳላነብ ነው ማመልከቻውን የፈረምኩት። በመሃል ደሞ ፋይሌን የያዘችው ልጅ ሥራ ለቀቀችና እንደገና ከሀ ጀመርኩ። ስለዚህ በነጻ ነው፣ ጥሩ ነው፣ ግን ቶሎ የሚያልቅ ነገር እንዳይመስልሽ፣ ከአንዱ ዓመት ወደሚቀጥለው ሊሻገር ይችላል። ሳይፈረም አካፋ እንዳታነሺ!! ካለቀ በኋላ ነው የሚከፍሉት፣ አዲስ ገበሬ ከሆንሽ ግን ቢያንስ ግማሹን ቀድሞ የመውሰድ ዕድል አለ፣ አፍ አውጥተሽ ጠይቂ።

ፋርም ሰርቪስ ኤጀንሲ ከሚባለው የፌዴራል የእርሻ ቢሮ ፋርም ነምበር፣ የእርሻሽን መለያ ቁጥር ማለቴ ነው፣ አውጥተሻል? ካላወጣሽ ከሱ ጀምሪ፣ ያለሱ የፌዴራሉ ነገር አይንቀሳቀስም።

የአንዲት ጥድ ሰው

ልጄ፣ ጽሑፍሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔ ሰሜን ሸዋ የልማት ሠራተኛ ሆኜ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፣ አሁን ጡረታ ወጥቼ ሲልቨር ስፕሪንግ ልጆቼ ጋ ነኝ።

የባለቤትሽ ፍርሃት ይገባኛል ምክንያቱም እኛ ራሳችን ነን ሰውን ያስፈራነው። በደርግ ጊዜ ለሥራ ስንዴና ዘይት እየሰጠን እርከን አሠራን፣ ተራራው ሁሉ በካብ ተሞላ፣ ሪፖርቱ ያማረ ነበር። ገበሬው ግን ሲነግረን አልሰማነውም፣ እርከኑ መሬቴን ቆረሰው፣ በሬ ሊያዞር አልቻለም፣ ካቡ ውስጥ አይጥ ይራባል ይለን ነበር። በ83 መንግስት ሲወድቅ ስንቱ ካብ በአንድ ክረምት ፈረሰ መሰለሽ። ያፈረሰው አፈሩን የሚጠላ ሰው ሆኖ አይደለም፣ ድሮም የሱ ስላልነበረ ነው። ማሳው ድረስ ሄደን እየተጨቃጨቅን፣ እሱ የሚፈልገውን ሳርና ግጦሽ እርከኑ ላይ ተክለን የሠራነው ግን እስካሁን የቆመ አለ። ስለዚህ እዚህ አገር መጥቼ ገበሬው ራሱ ደውሎ የሚጠራው ቢሮ አለ ሲሉኝ ለማመን ቸግሮኝ ነበር። ሲመጡ ዝም ብለሽ አትስሚያቸው፣ ተከራከሪ። መደቤን እንዲህ የማደርገው በዚህ ምክንያት ነው በያቸው። ጥሩ ባለሙያ ከሆነ ደስ ነው የሚለው።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። መደብሽ ወዴት ነው የተዘረጋው? ከላይ ወደ ታች ነው ወይስ አግድም? ጥቁር ፕላስቲክ ታለብሺዋለሽ? የቁርጭምጭሚቱን ነገር ስታወሪ ነው የጠረጠርኩት። ፕላስቲክ ላይ የወረደ ውሃ አይሰርግም፣ ሁሉም ተሰብስቦ መሃሉ ላይ ባለው ራቁት አፈር ይሮጣል፣ ቁልቁል ከሆነ ደሞ ቦይ ቆፈርሽለት ማለት ነው።

ሌላው፣ የሚቀጥለው ዝናብ ሲመጣ ቤት ውስጥ አትቀመጪ። መብረቅ ከሌለ ጃንጥላ ይዘሽ ውጪና ከወንዙ ጀምረሽ ወደ ላይ ውሃውን ተከትለሽ ሂጂ፣ የሚጀምርበትን እስክታገኚ ድረስ። ሰው ሁሌ አፈሩ የተቆረሰበትን ቦታ ነው የሚያየው፣ ውሃው ግን ከላይ ነው የሚመጣው። በስልክሽ ቪዲዮ አንሺው፣ ባለሙያዋ ደረቅ ቀን ስትመጣ ከማንኛውም ወረቀት በላይ እሱ ይረዳታል።

የጎመን ማሳ

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም ይስጥልኝ። አዎ፣ መደቡ ከላይ ወደ ታች ነው፣ ፕላስቲክም አለ፣ የጠብታ መስመሩን ለመዘርጋት ስለቀለለን ነው እንደዛ ያደረግነው፣ ማንም አልነገረንም። አግድም ለማድረግ መስመሩን እንዴት ነው የማወጣው? በዓይን ይታያል?

የአንዲት ጥድ ሰው

በዓይን አትመኚ፣ ዓይን ቁልቁለት ላይ ያታልላል። እኛ የምንሠራው በሲባጎ ነበር። እኩል ቁመት ያላቸው ሁለት ዱላዎች ውሰጂ፣ 10 ሜትር ሲባጎ በሁለቱም ላይ እኩል ከፍታ ላይ እሰሪ፣ መሃሉ ላይ ግንበኛ የሚጠቀምባትን ትንሿን የሲባጎ ውሃ ልክ አንጠልጥዪ፣ ሆም ዲፖ በጥቂት ዶላር ታገኚያታለሽ። አንድ ሰው አንዱን ዱላ ይዞ ይቆማል፣ አንቺ ሌላውን ይዘሽ ወደ ላይ ወደ ታች ትያለሽ፣ አረፋዋ መሃል ስትገባ እዛ ችካል ትተክያለሽ፣ ከዛ ትቀጥያለሽ። ሲያልቅ ችካሎቹን በዓይንሽ ተከተያቸው፣ መስመሩ እንደ እባብ ይጠማዘዛል፣ ቀጥ ለማድረግ አትሞክሪ። ግን ልብ በይ፣ ብዙ ውሃ ባለበት ልክ አግድም ከሆነ ውሃው ተኝቶ በአንድ ቦታ ሰብሮ ይወጣል፣ ስለዚህ በትንሹ ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ሳር ወደለበሰ መውረጃ መግባት አለበት። የማዘንበሉን ልክና መውረጃው የት እንደሚሆን ለዲስትሪክቷ ባለሙያ ተዪው፣ እሱ ስሌት ይፈልጋል። በመደቦቹ መሃል ራይ ወይ ክሎቨር መዝራት ግን ማንንም አይጠብቅም።

ሞኖካሲ ዳር

ጋሼ ያሉትን ሁሉ እደግፋለሁ፣ አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፣ ራዩን ገንዘብ ልታመለክቺበት ካሰብሽ ከመዝራትሽ በፊት ጠይቂ፣ ወንድማችን ከላይ ያለውን አትርሺ።

የጎመን ማሳ

ከአሥር ቀን በኋላ ተመለስኩ። ደውዬ ነበር፣ ሴትዮዋ ስልኩ ላይ እየቆየች በቀስታ ነው ያናገረችኝ፣ አስተርጓሚ ከፈለግሽም እንሞክራለን አለችኝ፣ ቀጠሮው ሐሙስ ጠዋት ነው። ፋርም ነምበር አልነበረንም፣ አመልክተናል።

ትላንት ማታ ዘነበ። ባለቤቴ እቤት ነበር፣ የጋሼን መልስ አንብቤለት ስለነበር ሳልጠይቀው ቦቱን አደረገና አብረን ወጣን። ከወንዙ ተነስተን በባትሪ ውሃውን እየተከተልን ወጣን ወጣን፣ ማሳውን አለፍነው፣ አጥሩን አለፍነው፣ መጨረሻ ላይ የት ደረስን መሰላችሁ፣ የራሳችን መኪና መግቢያ ጋ። አምና ጠጠር ስናስደፋ ወደ ማሳው በኩል አዘንብሎ ነው የተደፋው፣ የጣሪያው አሸንዳም እዛው ላይ ይፈስሳል፣ ያ ሁሉ ውሃ ተሰብስቦ ቀጥታ ወደ ሦስተኛውና አራተኛው መደብ መሃል ይገባል፣ ቦቴ የገባበት ማለት ነው። ባለቤቴ ባትሪውን እንደያዘ ቆሞ ብዙ ቆየ። ከዛ "ሐሙስ ሥራ አልገባም፣ እኔም ላናግራት" አለ።

ቪዲዮው አለኝ፣ ሲባጎና ውሃ ልኳም ተገዝታለች። ጋሼ፣ ከሐሙስ በፊት መኪና መግቢያው ጠርዝ ላይ ውሃውን ወደ ሳሩ የሚመልስ ትንሽ ቦይ ብቆፍር ያበላሽብኛል ወይስ እስኪያዩት ልተወው?

የአንዲት ጥድ ሰው

ተዪው ልጄ፣ እንዳለ ይዩት። አሸንዳውን ብቻ በቱቦ ወደ ሳሩ አዙሪው፣ እሱ መቆፈር አይፈልግም።