ንስሐ ገብቼም ልቤ ለምን ደረቀ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ኃጢአቴን ከተናዘዝሁ ወራት ቢያልፉም ልቤ አልታደሰም፤ ከወንድሜ ጋር በውርስ ተጣልተን እስካሁን አንነጋገርም፣ በጸሎቴ መካከል ሳይቀር የእርሱን ጥፋት እቆጥራለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ 1፦ ወንድሜ ሆይ፣ መልሱን ራስህ ጽፈኸዋል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ፈሪሳዊው በጸሎቱ የሌሎችን ጉድለት ሲዘረዝር፣ ቀራጩ ግን በሩቅ ቆሞ፣ ዓይኖቹን ወደ ሰማይ ለማንሣት እንኳ ሳይደፍር፣ ደረቱን እየመታ ምሕረትን ብቻ ለመነ፤ ጸድቆ ወደ ቤቱ የተመለሰውም እርሱ ነው።

መልስ 2፦ በግሪክኛ ሜታኖያ የሚባለው ቃል የአሳብ መለወጥ ማለት ስለሆነ ንስሐ ከጸጸት ይሰፋል። ዘኬዎስ በሐሰት የወሰደውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ ተናግሯል (ሉቃ. 19፥8)። እኔም ለዓመታት ያኮረፍኋትን እህቴን «ጥፋቱ የእኔ ነው» ለማለት ስልኩን ሦስት ጊዜ አንሥቼ መልሼ አስቀምጬዋለሁ፤ በአራተኛው ደወልሁ። ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የዚያን ምሽት ጸሎቴ ግን አጭርና ቀላል ሆነ።

መልስ 3፦ ትሕትና ራስን መጥላት እንዳይመስልህ። ይሁዳም ተጸጽቷል፣ ጴጥሮስም ምርር ብሎ አልቅሷል፤ ወደ ጌታው የተመለሰው ግን ጴጥሮስ ነው።

ጠያቂው፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የውርሱ ጉዳይ ሳይቋጭ መደወሉ ይከብደኛል፤ ቢሆንም ይቅርታው ይቅደም።