የሱፐርሂሮ ፊልም ምኑ ነው የሚጥማችሁ?

የሂርማታ ልጅ፦
ሰላም የጅማ ልጆች። ትናንት ዝናቡ አላስወጣ ሲለን ከታናሽ ወንድሜ ጋር አንድ የሱፐርሂሮ ፊልም ከፈትን። ሕንፃ ይፈርሳል፣ መኪና ይበራል፣ ሰማዩ ይቀደዳል፣ እኔ ግን እንቅልፌ መጣ። ልጅ ሆነን ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣበን ስናይ እንዲህ አልነበረም እኮ። እኔ ነኝ ያረጀሁት ወይስ ፊልሞቹ?

ቡና ያለ ስኳር፦
አላረጀህም ባክህ። ጀግናው እንደማይሸነፍ እያወቅክ ምን ያስጨንቅሃል? ለእኔ ፊልሙን የሚሸከመው ክፉው ሰውዬ ነው። በፈረንጆቹ 2008 የወጣውን የባትማን ፊልም «ዘ ዳርክ ናይት»ን እይ። ክፉው ጆከር አይበርም፣ ልዩ ኃይል የሚባል ነገር የለውም፣ ግን ብቅ ሲል ሆድህ ይረበሻል፤ ምክንያቱም ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ አታውቅም። ተዋናዩ ሄዝ ሌጀር ከሞተ በኋላ ኦስካር ያገኘው በዚሁ ሚና ነው።

ዝናብ ወዳዷ፦
እኔ አልስማማም፣ ዓይንም መብላት አለበት! «ብላክ ፓንተር»ን ሦስት ጊዜ ያየሁት ለልብሱ ብዬ ነው፣ አትሳቁ። ልብሱን የነደፈችው ሩት ካርተር ኦስካር የወሰደችበት ያለምክንያት አይደለም። ድብድቡ ግን ሲረዝም እኔም ተነስቼ ቡና አፈላለሁ፣ ስመለስ አሁንም እየተደባደቡ ነው።

አጂፕ ሰፈር፦
ብቻህን አትይ ወንድሜ። አንዱ ሲጮህ፣ አንዱ «ቆይ አሁን ይነሳል» ሲል ነው የሚጥመው።

የሂርማታ ልጅ፦
የኔው ወንድም እኮ መጨረሻውን ቀድሞ ነገረኝ!