ካፕሱሉ የጠፋበት ፓስቹሬላ

ባሕር ዳር ለመመረቂያ ጥናቴ ከጣና ዳር ከታመሙ በጎች አፍንጫ ፓስቹሬላ ሙልቶሲዳ ዓይነት ኤ የተባለ ባክቴሪያ ለይቼ ነበር። በደም አጋር (ደም ያለበት የባክቴሪያ ማሳደጊያ) ላይ ኮሎኒው (የባክቴሪያው ክምር) ትልቅ፣ እንደ ተልባ የሚዝለገለግ ነበር። ስታፊሎኮከስ ኦውሬስ (ስታፍ) የተባለ ሌላ ባክቴሪያ በአጠገቡ ሳሰምር ሃያሉሮኒዴዝ የተባለው ኢንዛይሙ ካፕሱሉን (ፓስቹሬላውን የሚሸፍነውን የሃያሉሮናን ልባስ) ይበላውና ኮሎኒው ይሟሽሽ ነበር።

ከዚያ መብራት ጠፍቶ በፍሪዘር ያስቀመጥኩት የባክቴሪያው ስቶክ (መጠባበቂያ) ቀለጠ። እኔም (ስህተቴ ይሄ ሳይሆን አይቀርም) በሽታ አምጪውን ስድስት ጊዜ ከሳህን ሳህን አዛወርኩት። አሁን ኮሎኒው ትንሽና ደረቅ ነው፤ የስታፍ መስመሩም አይለውጠውም። በፒሲአር (ጂን አባዝቶ በሚያሳይ ምርመራ) ግን የካፕሱል ኤ 1,044 ቤዝ ጥንድ ባንድ ይወጣል፤ ስለዚህ ቢያንስ ሃያሉሮናን የሚሠራው የሲንተዝ ጂን አካባቢ አልጠፋም። ምናልባት የካፕሱሉን መሠራት የሚቆጣጠረው ፊስ ጂን ተቀይሮ ይሆናል፤ ሲኩዌንስ ማድረጊያ ግን የለኝም።

አይጥ ውስጥ ሳላሳልፍ፣ ቀልጦ ከቀረው ስቶክ ካፕሱል ያላቸውን ኮሎኒዎች እንዴት ነጥዬ ላውጣ?