የልጄ ደም ውስጥ እርሳስ ተገኘ፤ መድኃኒቱ ለምን አልተሰጠውም?

የሁለት ልጆች እናት፣ ኮምቦልቻ

ሰላም ለሁላችሁ። ባለቤቴ ግቢያችን ውስጥ አሮጌ የመኪና ባትሪ እየፈታ፣ እርሳሱን እያቀለጠ ይሸጣል። የሦስት ዓመት ልጃችን ሆዱን እያመመው ምግብ እምቢ ሲል ደሴ ወሰድነው። ሐኪሙ የአባቱን ሥራ ሲሰማ የእርሳስ ምርመራ አዘዘ። ውጤቱ በዴሲሊትር 17 ማይክሮግራም ሆነ፤ ደም ማነስም አለበት። የተሰጠን የአይረን ሽሮፕና ቀጠሮ ብቻ ነው። መርዙን የሚያወጣ መድኃኒት አለ ሲባል እሰማለሁ። ለእኔ ልጅ ለምን ቀረ? አዲስ አበባ ይዤው ልሂድ?

የሕፃናት ክፍል ነርስ፣ ደሴ

እህቴ፣ ሐኪሙ ልጅሽን አልተወውም። ያ መድኃኒት የሚሰጠው መጠኑ 45 ሲደርስ ወይም ሲያልፍ ነው። ከ20 እስከ 44 ለነበራቸው ሕፃናት ተሞክሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመው ውጤት የደማቸውን እርሳስ ቢቀንስም ለአእምሯቸው የጨመረው ነገር አልተገኘም።

ይህ ማለት ግን 17 ቀላል ነው ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 ጀምሮ ምንጩ ተፈልጎ እንዲወገድ ያዛል። እባካችሁ፣ ማቅለጡ ዛሬውኑ ከግቢ ይውጣ! እርሳሱ በየቀኑ እየገባ ምንም ሕክምና አይረዳውም።

ሽሮፑን አታቋርጪ፤ ብረት ያነሰው ሰውነት እርሳስን አብዝቶ ይስባል። ከሻይም ከወተትም ጋር አትስጪው። ወተቱን በሌላ ሰዓት ይጠጣ፤ እንቁላልና ጎመን ይብላ። ኩል የምትኳዪው ከሆነም ተዪው፤ አንዳንዱ እርሳስ አለበት።

ቀጠሮው ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ መሆን አለበት። የመጀመሪያው ደም ከጣት ከሆነ ከደም ሥር ተወስዶ ይረጋገጥ። አጥንት ውስጥ የገባው እርሳስ ለዓመታት ስለሚቆይ ቁጥሩ ቶሎ ካልወረደ ተስፋ አትቁረጪ። ደሙ ቢስተካከል እንኳ አነጋገሩና ትኩረቱ ትምህርት ቤት እስኪገባና ከዚያም በኋላ ይታይ። ሌላውም ልጅሽ ይመርመር።

ባትሪ ሠሪ፣ ደሴ

ለባለቤትሽ ንገሪው፦ እንጀራችን መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን ሥራው ከመኖሪያ ቤት ይራቅ። የሥራ ልብሱን እዚያው ይተው፣ ታጥቦ ይግባ፣ ልብሱ ከልጆቹ ልብስ ጋር አይታጠብ። እኔ ልጆቼን የማቅፈው ከታጠብሁ በኋላ ነው።

የሁለት ልጆች እናት፣ ኮምቦልቻ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ታናሺቱንም አስመረምራታለሁ። የግቢውን አፈርስ ምን እናድርገው? ልጆቹ የሚጫወቱት እዚያው ላይ ነው።

የሕፃናት ክፍል ነርስ፣ ደሴ

ከዛሬ ጀምሮ እዚያ አይጫወቱ። አቅም ካላችሁ በሲሚንቶ ይሸፈን፤ ካልሆነ ንጹሕ አፈር በደንብ ይደልደልበት። ቤቱን በደረቅ መጥረጊያ አትጥረጊ፣ በእርጥብ ጨርቅ ወልውዪ። ከምግብ በፊት እጃቸውን በሳሙና አስታጥቢያቸው።