ኦክስጅን እየተሰጣቸውም ሳቹሬሽናቸው አልወጣ ላሉ በሽተኛ ሌሊቱን ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ ነርሷ፣ ከምዕራብ ጎጃም

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል የምሠራ ነርስ ነኝ። ከተመረቅሁ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ የ55 ዓመት አባት ከባድ የሳንባ ምች ይዟቸው ገቡ። ትንፋሻቸው በደቂቃ 38፣ ሳቹሬሽናቸው (በደማቸው ያለው የኦክስጅን መጠን) 79 በመቶ ነበር። በአፍንጫ ካኑላ (አፍንጫ ውስጥ በሚገባ ቀጭን ቱቦ) በደቂቃ 5 ሊትር ኦክስጅን ሰጠናቸው፤ 86 ላይ ቆመ። ሐኪሙ አንቲባዮቲክ አስጀምሮ ሪፈር ጻፈ። አምቡላንሱ ግን ምጥ የያዛት እናት ይዞ ወጥቶ ስለነበር እስኪነጋ ጠበቅን። እሳቸው ሲያቃስቱ እኔ ቁጥሩን እያየሁ አደርን። ተመስገን፣ ባሕር ዳር በሕይወት ደርሰዋል። ግን ያላደረግሁት ነገር ያለ ይመስለኛል፤ እንቅልፍ ነስቶኛል። ቬንትሌተር (የመተንፈሻ ማሽን) የለንም። ያለን በደቂቃ 10 ሊትር የሚሰጥ አንድ ኮንሰንትሬተር (በመብራት ከአየር ኦክስጅን የሚያጣራ ማሽን)፣ ሁለት የኦክስጅን ሲሊንደርና አንድ ሳክሽን (አክታ መሳቢያ) ነው። መብራትም ይሄዳል። እንዲህ ያለ ሰው ሲመጣ ነርስ በእጇ ምን ማድረግ ትችላለች?

መልስ፦ የጽኑ ሕሙማን ነርስ፣ ባሕር ዳር

አይዞሽ እህቴ። አጠገባቸው ማደርሽ ራሱ ሥራ ነው። አሁን ወደ ነገሩ ልግባ።

ካኑላ ከ5 ወይም 6 ሊትር በላይ ብትለቂበት አፍንጫ ያደርቃል እንጂ ብዙ አይጨምርም። 86 ላይ ሲቆም ወደ ማስክ ማለፍ ነበረብሽ። ተራው ማስክ ከ6 እስከ 10 ሊትር ይፈልጋል። ኦክስጅን ለመቆጠብ ብለሽ ከ5 በታች አታውርጂው፤ የተነፈሱትን አየር መልሰው ይስቡታል። እሱም ካልበቃ ከረጢት ያለውን፣ ኖን ሪብሪዘር የምንለውን፣ ከ10 እስከ 15 ሊትር አድርጊ። ፊታቸው ላይ ከማድረግሽ በፊት ከማስኩ ውስጥ ያለችውን ቫልቭ በጣትሽ ተጫኛት፤ ከረጢቱ ይሞላል። አየር ሲስቡ ከረጢቱ ጭምድድ ካለ ሊትሩ አንሷል ማለት ነው። የእናንተ ኮንሰንትሬተር እዚህ ላይ ላይበቃ ስለሚችል ሲሊንደሩን ለዚህ አቆዪው።

ከዚያ አቀማመጥ። በጀርባቸው ዝርግ ብለው እንዳይተኙ። ራስጌውን ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ከፍ አድርጊ፤ አልጋው የማይነሳ ከሆነ ጋቢ ጠቅልለሽ ደግፊ። ነቅተው የሚተባበሩሽ ከሆነ በሆዳቸው አስተኝተሽ ሞክሪ። በኮቪድ ጊዜ ብዙ ሠርተንበታል። የመተንፈሻ ቱቦ ገብቶላቸው ቬንትሌተር ላይ ላሉ ከባድ የሳንባ ጉዳተኞች ማስረጃው ጠንካራ ነው፦ በ2013 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይና በስፔን 466 በሽተኞች የተካተቱበት ጥናት ታትሟል፤ በቀን ቢያንስ 16 ሰዓት በሆድ ማስተኛት በ28 ቀን ውስጥ የሚሞቱትን ከ32.8 ወደ 16 በመቶ አውርዷል። ነቅቶ ላለ ሰው ማስረጃው የዚያን ያህል አይደለም። ካልተመቻቸው ወይም ቁጥሩ ከወረደ ወዲያው መልሻቸው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ትንፋሽ ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠሪ፣ በየሰዓቱ ጻፊ። ከ38 ወደ 12 ወርዶ በሽተኛው ካሸለበ ተሻለው ብለሽ እንዳትደሰቺ። ጡንቻው ደክሞ ነው። ሐኪሙን ቀስቅሺ፣ አምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ የሚያስተነፍሰው ከረጢት) በእጅሽ ይሁን።

መልስ፦ ጤና መኮንን፣ ደብረ ማርቆስ

ሲስተር በተናገረችው ላይ አንድ ልጨምር። ዕድሜ ልካቸውን ጭስ ቤት ሲያበስሉ የኖሩ እናቶች ወይም ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ ያለባቸው ሲመጡ ግባችሁ ከ88 እስከ 92 ይሁን። 99 አድርሳችሁ ብትተዉአቸው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሊጠራቀምባቸው ይችላል። ምልክቱ ራስ ምታት፣ መደንገዝ፣ የእጅ መሞቅና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ነው። ይህን ፈርታችሁ ግን 79 ላይ ላለ ሰው ኦክስጅን አትከልክሉ።

መልስ፦ የሕክምና መሣሪያ ባለሙያ

ስለ ሲሊንደሩ እኔ ልንገርሽ። የሲሊንደሩን ሊትር በባሩ (ሜትሩ በሚያሳየው የግፊት ቁጥር) አባዢው። 40 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር 150 ባር ካሳየ 6,000 ሊትር ኦክስጅን አለው። በደቂቃ 10 ሊትር ከለቀቅሽ 10 ሰዓት ነው። ሜትሩን ተረኛ ስትገቢ አንብቢው፣ መብራት ሲሄድ አይደለም። ቅቤ ወይም ቅባት በነካው እጅ ቫልቩን አትንኪ፤ ከኦክስጅን ጋር እሳት ያስነሳል። የእርጥበት ጠርሙሱ ውስጥ የቧንቧ ውኃ አይግባ፤ የተጣራ፣ ከሌለ ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን፤ በየቀኑ ይቀየር።

መልስ፦ አስታማሚ የነበርሁ

እኔ ባለሙያ አይደለሁም። አምና እናቴን አስታምሜ ነበር። ትንፋሽ አጥሯት እያለ ጠበል በሲኒ ሰጠናት፤ ትን አላት፣ ከንፈሯ ጠቆረ። ማንም አስቀድሞ አልነገረንም። ጧፍም ራስጌዋ ልናበራ ስንል ነው አንዲት ነርስ ሮጣ የያዘችን። እባካችሁ፣ እኛ የምናደርገው ከፍቅር ነው፤ በቁጣ ሳይሆን ቀድማችሁ ንገሩን።

መልስ፦ የጽኑ ሕሙማን ነርስ፣ ባሕር ዳር

የኔ እናት፣ እውነትሽን ነው። እኔ ለቤተሰብ እንዲህ እላለሁ፦ ጠበሉን ግንባራቸውን ቀቧቸው፣ ከንፈራቸውን በጥጥ አርጥቡላቸው፣ ሲረጋጉ ይጠጣሉ። እሺ የማይል የለም። አፍ ማጽዳቱንም ለእነሱ አሳያቸዋለሁ፤ በማስክ የዋለ አፍ ደርቆ ይሰነጠቃል። ሳክሽን ካስፈለገ ደግሞ ከ15 ሰከንድ አይለፍ።

ጥያቄ፦ ነርሷ፣ ከምዕራብ ጎጃም

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ጣታቸው እንሶስላ የሞቀ እናት ስትመጣ ኦክሲሜትሩ (ጣት ላይ ተደርጎ ሳቹሬሽን የሚለካው) ቁጥሩን ያዘባርቅብኛል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ጤና መኮንን፣ ደብረ ማርቆስ

ቀለም ያልነካው ጣት ወይም የጆሮ ጫፍ ሞክሪ። እጅ ከቀዘቀዘ አሙቂው፤ በደጋ አገር ይሄ ዋና ችግር ነው። ማሽኑ የሚያሳየውን የልብ ምት አንቺ በእጅሽ ከቆጠርሽው ጋር አስተያዪ፤ ካልተገናኘ ቁጥሩን አትመኚ።

ነርሷ፣ ከምዕራብ ጎጃም

ዛሬ ማታ ተረኛ ነኝ። አሁን ሄጄ ሜትሩን አየሁ፦ ባለ 40 ሊትሩ 70 ባር ነው የቀረው። በ10 ሊትር አምስት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ሙሉውን ከመጋዘን እንዲያወጡልኝ ለሱፐርቫይዘሩ ደውያለሁ፤ እያመጡት ነው።